የዳቮስ ክረምት
በእኛ ዘንድ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው፤ በስዊስ ተራሮች ግን በረዶ ነው። በ1865 (እ.ኤ.አ.) ሁለት የሳንባ ሕሙማን ክረምቱን ለማሳለፍ ዳቮስ ከገቡ ወዲህ፣ መንደሪቱ የበሽተኞች መጠጊያ ሆነች። የሸርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይልም ወደዚያ የመጣው በሳንባ ነቀርሳ የታመመች ሚስቱን ሉዊዛን ይዞ ነው። በዚያም ቶቢያስና ዮሐን ብራንገር ከሚባሉ ወንድማማቾች ጋር ተወዳጀ። እነዚህ ሰዎች ስኪ የተባለውን የኖርዌይ የበረዶ መንሸራተቻ ሲለማመዱ የአገሩ ሰው ስለሳቀባቸው፣ ልምምዳቸውን ከመሸ በኋላ ያደርጉ ነበር። በማርች 1894 ሦስቱ ወዳጆች ተራራውን ተሻግረው አሮዛ ደረሱ። ቶቢያስም በሆቴሉ መዝገብ ላይ የደራሲውን ሙያ «ስፖርተኛ» ሲል ጻፈለት፤ ከማዕረግ ሁሉ የሚበልጥ ሹመት ይመስለኛል። ዶይል በዚያው ዓመት ጉዞውን በስትራንድ መጽሔት ሲተርክ በራሱ አወዳደቅ እየቀለደ፣ እንግሊዛውያን ለስኪ ሲሉ በመቶ እየሆኑ ወደ ስዊስ የሚጎርፉበት ጊዜ እንደሚመጣ ተነበየ። ጥቂት ወራት ብቻ ተሰጥቷት የነበረችው ሉዊዛም እስከ 1906 ኖረች።