የፒፓ ትምባሆ መዓዛ፦ የእሳት፣ የግፊትና የስኳር ታሪክ

አንድ ሰው ፒፓውን ለኩሶ ሲቀመጥ ክፍሉን የሚሞላው የቫኒላ፣ የቼሪ ወይም የማር ሽታ ትምባሆው ከእርሻ ይዞት የመጣ ጠባዩ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከማሳ የተቆረጠ አረንጓዴ የትምባሆ ቅጠል የሚያስጎመጅ መዓዛ የለውም፤ እንዲሁ ደርቆ ቢጨስም ምላስን የሚቆነጥጥ፣ ጉሮሮን የሚከረክር ነው። «የትምባሆ መዓዛ» የሚባለው በመሠረቱ በእሳት፣ በግፊትና በስኳር የተገኘ የሰው እጅ ሥራ ነው። ይህ ጥበብ እንዴት እንደ ተገኘ፣ ማን እንደ ደከመበትና በመጨረሻም ምን እንዳስከተለ መመርመር ለማናቸውም ባለሙያ ጠቃሚ ትምህርት አለው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው ትምባሆ የአሜሪካ ተክል ነው። እንግሊዞች በቨርጂኒያ በሰፈሩ ጊዜ የአገሬው ተወላጆች ያበቅሉት የነበረው ዝርያ መራራና ከባድ ስለ ነበረ በለንደን ገበያ ከስፔኖች ትምባሆ ጋር ሊወዳደር አልቻለም። በ1612 ገደማ ጆን ሮልፍ የተባለው ሰፋሪ በስፔን ግዛቶች ይበቅል የነበረውን ለስላሳ ዝርያ ዘር አግኝቶ በዚያ ምድር ዘራ። ለመፍረስ ተቃርባ የነበረችው ሰፈር በዚሁ ቅጠል ንግድ ቆመች። ይሁን እንጂ ትምባሆ ብዙ ጉልበት የሚበላ ተክል ነው። የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን በ1619 በግዴታ ወደ ቨርጂኒያ ተወሰዱ፤ ከዚያም በኋላ የትምባሆው እርሻ ቀስ በቀስ በባሪያ ጉልበት ላይ ተመሠረተ። እንግዲህ ለስላሳ ጣዕም የተገኘበት ዋጋ ከመጀመሪያው ከባድ ነበር።

የእሳት ጥበብ

በ1839 በሰሜን ካሮላይና፣ በካስዌል አውራጃ፣ አቢሻ ስሌድ በተባለ ገበሬ እርሻ ላይ ስቲቨን የሚባል በባርነት የተያዘ አንጥረኛ ነበረ። በቅጠል ማድረቂያው ቤት እሳት ሲጠብቅ እንቅልፍ ጣለውና ሲነቃ እሳቱ ሊጠፋ ተቃርቦ አገኘው ይባላል። ወዲያው ከአንጥረኛ ምድጃው ከሰል አምጥቶ ጨመረበት። ድንገተኛው የከሰል ሙቀት ቅጠሉን እንደ ወርቅ ቢጫ አድርጎ አደረቀው። በኋላ ደግሞ ጭሱ ቅጠሉን እንዳይነካ ሙቀቱን በብረት ቧንቧ ማሳለፍ ተለመደ።

የዚህ አሠራር ምስጢር በስኳር ላይ ነው። ቅጠሉ በመጠነኛ ሙቀት ሲቆይ በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ከዚያ ሙቀቱ ከፍ ሲል ስኳሩን የሚበሉት ኤንዛይሞች ሥራቸውን ያቆማሉ። ስለዚህ ስኳሩ በቅጠሉ ውስጥ ይቀራል፣ ጣዕሙም ይጣፍጣል። የግኝቱ ጥቅም በመጀመሪያ ለጌታው ሆነ፤ ስቲቨን ነፃ የወጣው ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ነው።

የግፊት ጥበብ

በሉዊዚያና፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ ሴንት ጄምስ በተባለ አካባቢ ፔሪክ የሚባል ትምባሆ ይዘጋጃል። የነባር ሕዝቦች ልማድ ከነበረው የመጭመቅ ዘዴ የመጣው ይህ አሠራር እጅግ ቀላል ነው፤ ቅጠሉ በእንጨት በርሜል ውስጥ ይታጨቅና በክሪክ ይጫናል። ከቅጠሉ የሚወጣው ጭማቂ አየር እንዳይገባ ስለሚከለክል ቅጠሉ በራሱ ጭማቂ ይብላላል። በየጊዜው ወጥቶ ከተናፈሰ በኋላ እንደገና ይጫናል፤ ሥራው አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል። ውጤቱም የበሰለ ፍሬና የሆምጣጤ ሽታ ያለው ጥቁር ቅጠል ነው። እጅግ ኃይለኛ በመሆኑ እንደ ቅመም በጥቂቱ ከሌላ ትምባሆ ጋር ይደባለቃል።

የስኳር ጥበብ

በ1864 በኦሃዮ ግዛት ነጣ ያለ ቅጠል ያለው አዲስ የበርሊ ዝርያ ታየ። ይህ ቅጠል በጥላ ሥር በአየር ብቻ ለሳምንታት ስለሚደርቅ ስኳሩ ከሞላ ጎደል ያልቃል፤ ነገር ግን እንደ ስፖንጅ ፈሳሽ የመምጠጥ ችሎታ አለው። ስለዚህ ፋብሪካዎች ስኳር፣ ካካዎና የሊኮሪስ ሥር የተቀላቀለበትን ወፍራም ፈሳሽ በሙቀት ያጠጡት ጀመር። ቅጠሉ ከደረቀና ከቀዘቀዘ በኋላ በመጨረሻ ቫኒላውና የመሳሰለው ሽቶ ይረጭበታል፤ ቀድሞ ቢረጭ ኖሮ በሙቀቱ ይተን ነበርና።

አጫሹ የሚቀምሰውም የዚህን ቅደም ተከተል ነው። ምላስ የሚለየው ጣፋጭን፣ መራራንና የመሳሰሉትን ጥቂት ጣዕሞች ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከአፍ በስተኋላ ወደ አፍንጫ በሚወጣው ሽታ ይታወቃል። ፍሙ በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ሲነድ ብዙውን ሽቶ ያቃጥላል፤ ከፍሙ በታች ያለው ገና ያልነደደ ትምባሆ ግን ሞቆ ሽታውን ይሰጣል። ፒፓን በዝግታ የመሳብ ልማድም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ፈጥኖ የሚስብ ሰው መዓዛውን አጥቶ የሚያተርፈው የምላስ ቃጠሎ ነው።

የፒፓው እንጨትም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዕድ አይደለም። ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በፈረንሳይ ሴንት ክሎድ ከተማ ፒፓ የሚቀረጽበት እሳት የማይደፍረው ጉጥ፣ በሜዲትራኒያን አካባቢ ከሚበቅለው አስታ ሥር የሚወጣ ነው። አስታ በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚታወቀው ዛፍ መሆኑ ግልጽ ነው።

ከመዓዛው በስተጀርባ

የጥበቡ ውጤት ግን በመዓዛ ብቻ አልተወሰነም። በአየር የደረቀ ቅጠል ጭስ ወደ አልካሊነት ስለሚያደላ ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ ይመጠጣል፤ ጭሱም ጉሮሮን ስለሚከረክር ወደ ሳንባ ለመሳብ ያስቸግራል። የስቲቨን ከሰል ያስገኘው ስኳራም ቅጠል ግን ጭሱ አሲዳማና ለስላሳ ሆነ። ለስላሳነቱም ወደ ሳንባ መሳብን ቀላል አደረገ፤ የሲጋራ ኢንዱስትሪም በዚሁ ቅጠል ላይ ተስፋፋ። በ1950 ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የተባሉት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች የሲጋራንና የሳንባ ካንሰርን ግንኙነት አሳዩ። የአሜሪካ ጤና ባለሥልጣን በ1964 ያወጣው ዘገባም ፒፓ ማጨስ የከንፈር ካንሰር እንደሚያስከትል አረጋገጠ። ፒፓ አጫሹ ጭሱን አለመዋጡ ከጉዳት ሁሉ አላዳነውም ማለት ነው።

በኢትዮጵያ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ትምባሆን ስታወግዝ ቆይታለች፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛም በጽኑ ቅጣት ከልክለውት ነበር። በቅርቡ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ጣዕምና መዓዛ የተጨመረበትን ትምባሆ ለይቶ ከልክሏል። ሕግ አውጪው ከቅጠሉ አልፎ መዓዛውን ማነጣጠሩ ያለ ምክንያት አይደለም። መራራ ነገር ራሱን ያስጠነቅቃል፤ ሦስቱ ጥበቦች ግን የሠሩት ይህንን ማስጠንቀቂያ የማለስለስ ሥራ ነበር። ስለዚህ አንድ ሙያ ነገሩን ምን ያህል እንዳሣመረ ብቻ ሳይሆን፣ ሲያሣምር ምን እንደ ሸፈነም ሊጠየቅ ይገባዋል።