አሰብ፣ ባድመ፣ ሬክስዴል

የኢትዮጵያ የውጭ ፖሊሲ የሚወጣው አዲስ አበባ ነው፤ ጎረቤት የሚያኮራርፈው ግን ሬክስዴልም ድረስ መጥቶ ነው። ሬክስ ሄስሎፕ የተባለ ቤት ገንቢ በ1950ዎቹ (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ያቆመው ይህ የቶሮንቶ ሰሜን ምዕራብ ሰፈር ከፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነው። ኢትዮጵያዊው፣ ኤርትራዊውና ሶማሊያዊው በአንድ ፎቅ ይኖራሉ፤ ሊፍቱም የጋራ ነው። «ትንሿ ሞቃዲሾ» የሚባለው የዲክሰን መንገድ ሩቅ አይደለም።

ሰዉን እዚህ ያመጣው ራሱ ፖሊሲ ነው። በ1977 የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴን ገባ፤ በ1978 ኢትዮጵያ በሶቪየት መሣሪያና በኩባ ወታደር ታግዛ መለሰችው። በዚያው በ1978 ካናዳ ለስደተኛ በሕግ በር የከፈተውን የኢሚግሬሽን ሕጓን ሥራ ላይ አዋለች። ከቀይ ሽብር አምልጠው ሱዳን ከርመው ከመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ በዚያ በር ገቡ። የዚያድ ባሬ መንግሥት በ1991 ሲወድቅ ደግሞ ሶማሌዎቹ በብዛት ተከተሉ። ትናንት በጦር ሜዳ የተፋለሙ አባቶች ልጆች አሁን አንድ አውቶቡስ ይጠብቃሉ።

ክርክሩን መስማት የፈለገ ለቅሶ ይሂድ። እዚህ ድንኳን ስለማይተከል የሕንፃው አዳራሽ ይከራያል። ጸሎቱ አልቆ፣ ሐዘንተኛው ትንሽ ሲረጋጋ፣ ቡናው ቶና ላይ ሳይደርስ ወሬው አሰብ ይገባል። አንዱ በ1993 ለኤርትራ ነፃነት እውቅና ሲሰጥ ወደቡ ለምን አልተነሳም ይላል። ሌላው የ2000ውን የአልጀርስ ስምምነትና ባድመን ያመጣል። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ባለታክሲ የ1929ኙንና የ1959ኙን የአባይ ውል ያለ ወረቀት ይተነትናል። ከብዙ ስብሰባ የበለጠ የውል እውቀት እዚህ ሰምቻለሁ፤ አንዱ የሌላውን ሐሳብ አስጨርሶ ሲሰማ ግን እምብዛም አላየሁም።

በጥር 1፣ 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የያኔው የሶማሌላንድ ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈርሙ፣ ለአንዱ የዘመናት ጥያቄ መልስ ነበር፤ ለሶማሊያዊው ጎረቤቱ ግን በታኅሣሥ 2006 ሶማሊያ የዘለቀውን የኢትዮጵያ ጦር የሚያስታውስ። አዲስ አበባና ሞቃዲሾ በታኅሣሥ 2024 በቱርኩ ፕሬዚዳንት ሸምጋይነት አንካራ ላይ ተነጋገሩ። ሊፍት ውስጥ ያለውን ኩርፊያ የሚሸመግል ኤርዶጋን ግን የለም። ኤርትራውያንም እርስ በርስ አልተስማሙም፤ በነሐሴ 2023 በኤርልስኮርት ፓርክ በተካሄደው ፌስቲቫል ደጋፊና ተቃዋሚ ተጋጭተው ሰው ተጎድቷል።

ካናዳዊ ፓስፖርት የያዘ ኢትዮጵያዊ ይህን ሁሉ ተከራክሮ አዲስ አበባ ላይ ድምፅ የለውም፤ የ2003ቱ የዜግነት አዋጅ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ቪዛ ያስቀራል እንጂ የምርጫ ሣጥን አያደርስም። ስለዚህ ዶላር ድምፅ ሆነ። ከ2011 ጀምሮ የሕዳሴ ግድብ ቦንድ ተገዛ፤ በ2018 በቀን አንድ ዶላር እንዲዋጣ ጥሪ መጣ፤ በኅዳር 2021 ደግሞ የምዕራባውያንን ጫና «በቃ» እያሉ አደባባይ ወጡ።

ሶማሌዎቹ ወደ ኦታዋም አዩ። በሞቃዲሾ የተወለደው አህመድ ሁሴን በ2015 ከዮርክ ሳውዝ ዌስተን ተመርጦ ፓርላማ ገባ፤ በ2017 የኢሚግሬሽን፣ በ2023 የዓለም አቀፍ ልማት ሚኒስትር ሆነ። ለአፍሪካ ቀንድ የሚላከው የካናዳ እርዳታ ያልፍበት የነበረ ወንበር ነው። የኛ ሰው ይህ ሲነሳ «እነሱ ይደጋገፋሉ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን መደጋገፉ ብቻ አይመስለኝም፤ የፓርቲ አባልነት ቅጽ መሙላትና የዕጩ ምርጫ ቀን ተሰልፎ መዋልም አለበት። አንድ ለቅሶ ላይ ሬክስዴል የሚገኝበት የኢቶቢኮ ኖርዝ የፓርላማ ተወካይ ማን እንደሆነ ጠይቄ ነበር። ከ2008 እስከ 2025 ወንበሩን የያዙት ኪርስቲ ደንከን ነበሩ። ከቡና ቀጂዋ በቀር የመለሰልኝ አልነበረም፤ ሰዉ ወዲያው ወደ አሰብ ተመለሰ።