የላቲን አባባሎች ትርጉምና ምንጭ፦ ከሊማሊሞ መንገድ አንጻር

«ሁሉም መንገድ ወደ ሮም ያደርሳል» የሚለው አባባል በአማርኛችን ከተለመዱት የውጭ አገር አባባሎች አንዱ ነው። ተናጋሪው ብዙውን ጊዜ ለማለት የሚፈልገው «በየትኛውም ዘዴ ብንሄድ ውጤቱ ያው ነው» ነው። ይኸው አባባል ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ ቁልቁል በሚወርደው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ሲነገር ግን ሌላ ነገር ያስታውሳል። ያን የመኪና መንገድ ገደሉን ፈልፍሎ የቀየሰው፣ ጥንታዊቱን ሮምን ዳግም አነግሣለሁ ብሎ የመጣው የፋሺስት ኢጣሊያ ኃይል ነበርና። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በአማርኛ ሲነገሩ የምንሰማቸውን ጥቂት የላቲን አባባሎች መርጬ፣ ከየት እንደመጡና መጀመሪያ ምን ለማለት እንደተነገሩ ለማሳየት እሞክራለሁ። የማነሣው ጥያቄም አንድ ነው፤ የአባባልን ምንጭ ሳናውቅ ትርጉሙን አውቀናል ማለት እንችላለን ወይ?

በቅድሚያ ላቲን ከአገራችን ጋር የተዋወቀበትን መንገድ በአጭሩ ማውሳት ተገቢ ይመስለኛል። ሊማሊሞ የጎንደርን ደጋ ከተከዜ ቆላ፣ ከዐድዋና ከምጽዋ ጋር ያገናኝ የነበረው ጥንታዊ የነጋዴ መተላለፊያ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1770 እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር የገባው ይህን ዐቀበት ወጥቶ ነው። ከእርሱ በፊት፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607-1632 እ.ኤ.አ.)፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚሲዮናውያን በዐድዋ አጠገብ በነበረው በፍሬሞናና በደምቢያ መካከል ይመላለሱ ነበር። ይዘውት የመጡት ላቲን ግን የአባባል ላቲን ሳይሆን የቅዳሴና የሥልጣን ላቲን ስለነበረ፣ ያስከተለው ደም መፋሰስ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን ካስወጡ በኋላ የሁለቱ ቋንቋዎች ግንኙነት በአውሮፓ ምድር ቀጠለ። የአምሐራው አባ ጎርጎርዮስና ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በ1652 እ.ኤ.አ. በጎታ ከተማ አብረው ሠሩ፤ ሉዶልፍም የአማርኛን ሰዋስውና የአማርኛ-ላቲን መዝገበ ቃላትን በ1698 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ስለዚህ አማርኛ በመዝገበ ቃላት መልክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በላቲን እየተፈታ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ አባባሎቹ ልለፍ። የመጀመሪያው ምድብ ምንጫቸው ቢለያይም ከእኛ ተረትና ምሳሌ ጋር የሚገጥሙት ናቸው። «ፌስቲና ሌንቴ» ቃል በቃል «ቀስ ብለህ ፍጠን» ማለት ነው። የታሪክ ጸሐፊው ስዌቶንየስ እንደሚነግረን፣ ይህ አውግስጦስ ቄሣር ይወደው የነበረ አባባል ሲሆን፣ እርሱም የሚናገረው በላቲን ሳይሆን በግሪክኛ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ችኩል የጦር አዛዥን አይወድም ነበርና። ከብዙ ዘመን በኋላ የቬኒሱ አሳታሚ አልዶ ማኑዚዮ በመልሕቅ ላይ የተጠመጠመ ዶልፊን የማተሚያ ቤቱ ምልክት ሲያደርግ፣ መልሕቁ መረጋጋትን፣ ዶልፊኑ ፍጥነትን እንዲያመለክቱ አስቦ ነው። እኛ ለዚህ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለን። ልዩነቱን ግን ልብ ይሏል። የአውግስጦስ ቃል ለአዛዥ የተሰጠ ምክር ነው፤ የእኛው ደግሞ እህሏን በትና ስትለቅም በዓይነ ሕሊና ከምትታይ አንዲት ሴት የተወሰደ ትዝብት ነው። አንዱ የመጣው ከጦር ሰፈር፣ ሌላው ከጓዳ ነው። በሊማሊሞ መታጠፊያ ላይ ይህን ተረት ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር አፍ ሰምቼዋለሁ። በዚያ ሥፍራ አፍሶ መልቀም እንኳ እንደማይኖር ቁልቁል እያየሁ ነበርና፣ ትርጉሙ ከመጽሐፍ ካነበብኩት ይልቅ ጠልቆ ተሰማኝ።

እንደዚሁም «ቬርባ ቮላንት፣ ስክሪፕታ ማኔንት» («ቃል ይበራል፣ ጽሑፍ ይኖራል») የሚለው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ከሚለው ጋር ይገጥማል። ይህን መሰሉን መመሳሰል ስናይ አንዱ ከሌላው ተበደረ ብሎ ለመደምደም መቸኮል አይገባም። ተመሳሳይ ኑሮ ተመሳሳይ ቃል ሊያፈልቅ ይችላል። የመዋዋስ መንገድ ጨርሶ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በ16ኛው መቶ ዘመን አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ በግሪክ ጠቢባን ስም የሚነገሩ ብዙ አባባሎችን ይዟል። ሮማውያንም ከግሪኮች ብዙ ተቀብለዋል። ስለዚህ አንድ የግዕዝ አባባል ከአንድ የላቲን አባባል ጋር ሲመሳሰል፣ ሁለቱ ከአንድ የግሪክ ምንጭ በተለያየ አቅጣጫ የፈሰሱ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሁለተኛው ምድብ ዛሬ የምንሰጣቸው ትርጉም ከመነሻቸው የራቀ ወይም የተገለበጠ አባባሎች ናቸው። «ሜንስ ሳና ኢን ኮርፖሬ ሳኖ» («ጤናማ አእምሮ በጤናማ አካል») በስፖርት ሜዳና በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ «አካልህን ብታጠነክር አእምሮህም ይጠነክራል» ተብሎ ይተረጎማል። ገጣሚው ዩቬናሊስ ይህን ሐረግ የተጠቀመው ግን ስለ ጸሎት ሲናገር ነው። ሰዎች ሀብትን፣ ሥልጣንንና ውበትን እየለመኑ በለመኑት ነገር ሲጠፉ ስላየ፣ የግድ ልመና ከኖረ የአእምሮና የአካል ጤና ይለመን ማለቱ ነበር። መነሻው የስፖርት መፈክር ሳይሆን በሰው ምኞት ላይ የተሰነዘረ ስላቅ ነው።

ከዚህም የባሰው «ቮክስ ፖፑሊ፣ ቮክስ ዴኢ»፣ ማለትም «የሕዝብ ድምፅ የእግዚአብሔር ድምፅ ነው» የሚለው ነው። ይህ አባባል በእኛም አገር ከመድረክ ንግግር አይጠፋም። ከጥንታውያን ምስክሮቹ አንዱ ሊቁ አልኩዊን በ8ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለንጉሥ ካርል (ሻርለማኝ) የላከው ደብዳቤ ነው። አልኩዊን አባባሉን የጠቀሰው ግን ሊደግፈው አይደለም፤ እንዲህ የሚሉትን አትስማቸው፣ የሕዝብ ሁካታ ለእብደት የቀረበ ነው ብሎ ንጉሡን ለማስጠንቀቅ ነው። እኔ ከአልኩዊን ጋር አልስማማም። ይሁን እንጂ አንድ ተናጋሪ ለሕዝብ መብት ሲከራከር የሚጠቅሰው ቃል፣ መጀመሪያ ተጽፎ የምናገኘው ሕዝብ እንዳይሰማ በተመከረበት ደብዳቤ ውስጥ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል እላለሁ።

ስለ እኛው አህጉር የተነገረም አለ። «ኤክስ አፍሪካ ሴምፔር አሊኲድ ኖቪ» («ከአፍሪካ ምንጊዜም አዲስ ነገር ይመጣል») የሚለው የፕሊንዮስ ነው ይባላል። ፕሊንዮስ ራሱ ግን የግሪኮች የተለመደ አባባል መሆኑን ይናገራል፤ በእርግጥም ከእርሱ በፊት በአርስጣጣሊስ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። «አዲስ ነገር» የተባለው የሰው ጥበብ ወይም ሐሳብ አይደለም። ውሃ በጠፋበት ምድር የተለያዩ አራዊት በአንድ ኩሬ ተሰብስበው ይደባለቃሉ፣ ከዚያም እንግዳ ፍጥረት ይወለዳል የሚል እምነት ነበር። ዛሬ ለሙገሳ የሚጠቀሰው ቃል በመነሻው ስለ አውሬ የተነገረ ነው ማለት ነው። በ1830ዎቹ ስሜንን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል የአካባቢውን እንስሳት በላቲን ስም ሲመዘግብ፣ ለዋልያ «ካፕራ ዋሊ» የሚል ስም በ1835 እ.ኤ.አ. አወጣለት። አውሮፓ «አዲስ» ያለውን እንስሳ የስሜን ገበሬ ከጥንት ጀምሮ በስሙ ያውቀው ነበር፤ ላቲኑም ራሱ ያን ስም ተውሶ ቆመ። አዲስነቱ ለመጪው እንጂ ለባለ አገሩ አልነበረም።

ሦስተኛው ምድብ የጥንት ካባ የደረቡ አባባሎች ናቸው። «ዲቪዴ ኤት ኢምፔራ» የሚለው ወደ አማርኛ «ከፋፍለህ ግዛ» ሆኖ ገብቶ እንደራሳችን ቃል ሥር ሰድዷል። ብዙ ሰው የዩልዮስ ቄሣር ነው ይላል። ነገር ግን አባባሉ በዚህ መልክ በጥንት ሮማውያን ጸሐፊዎች ዘንድ አይገኝም፤ የተስፋፋው በኋለኛው የአውሮፓ የፖለቲካ ጽሑፍ ነው። ሮማውያን ድርጊቱን አልፈጸሙትም ማለቴ ግን አይደለም። ሙሶሊኒ በግንቦት 1936 እ.ኤ.አ. የሮም ግዛት ተመልሶ ቆመ ብሎ ባወጀ በወሩ፣ ኢትዮጵያን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር ቀላቅሎ በዘርና በቋንቋ ግምት ወደተለያዩ ግዛቶች የሚሸነሽን ሕግ ወጣ፤ ጎንደርም የአንደኛው ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። ቃሉ የጥንት ይሁን አይሁን፣ ለእኛ ትርጉሙን የሰጠው ይህን የመሰለው ድርጊት ነው። አንድ አባባል ሁለት ምንጭ ሊኖረው እንደሚችል ከዚህ እንማራለን፤ አንደኛው መጀመሪያ የተነገረበት፣ ሁለተኛው ሰሚው በሕይወቱ ያረጋገጠበት ነው።

«ሁሉም መንገድ ወደ ሮም ያደርሳል» የሚለውም ከዚሁ የተለየ አይደለም። አውግስጦስ በ20 ዓመተ ዓለም በሮም አደባባይ የወርቅ ምዕራፍ ድንጋይ አቁሞ ነበርና አባባሉ ከዚያ የመጣ የሚመስላቸው አሉ። በጽሑፍ የምናውቀው ጥንታዊው መልኩ ግን በ12ኛው መቶ ዘመን የኖረው የፈረንሳዩ ሊቅ አላን ዘሊል የጻፈው ነው፤ እርሱም የሚናገረው ፈጣሪን በሙሉ ልብ ስለሚፈልጉ ሰዎች ነው። ሮም በዚህ አባባል የመንፈሳዊ ተጓዥ መድረሻ እንጂ የገዢ መቀመጫ አልነበረችም። ፋሺስቶች ግን መንገድን የግዛት ሰንሰለት አድርገው ቀየሱ። በሊማሊሞ አናት፣ በወልከፊት ምሽግ፣ የነበረው የኢጣሊያ ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከብቦ በመስከረም 1941 እ.ኤ.አ. መጨረሻ እጁን ሰጠ። ጎንደርም በኅዳር ወር ተለቀቀች። መንገዱ ከሠሪው ዓላማ ተላቅቆ ለባለ አገሩ ቀረ፤ የደባርቅና የዳባት ገበሬ እህሉን ጫነበት። አባባልም እንዲሁ ነው፤ ሠሪው ያሰበው ቦታ ብቻ አያደርስም።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ስለ ራሳችን ምሳሌያዊ አነጋገር አንድ ነገር ማሳሰብ እወዳለሁ። ኢጣሊያዊው ኢግናዚዮ ጉዊዲ የአማርኛ ምሳሌዎችን ሰብስቦ በሮም ያሳተመው በ1894 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ከዐድዋ ድል ሁለት ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ የእኛው ሰዎችም ብዙ ሰብስበዋል። ሆኖም አብዛኞቹ ስብስቦች ተረቱን በፊደል ተራ ደርድረው ማን፣ ለማን፣ በምን ጉዳይ ላይ ተናገረው የሚለውን ይተዉታል። የላቲኑን የተገለበጠ ትርጉም ልናርም የቻልነው ደብዳቤው፣ ግጥሙና የታሪክ መጽሐፉ ተጽፈው ስለቆዩ ነው። በገበያ፣ በሽምግልና፣ በእድርና በለቅሶ ቤት የሚነገረው የእኛ ተረት ግን ምስክሩ ተናጋሪው ብቻ ነው። አረጋውያኑ ሲያልፉ ቃሉ ቢተርፍም ጉዳዩ አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ለመስክ ሥራ ሲወጡ ከእያንዳንዱ ተረት ጎን የተነገረበትን ጉዳይ ሁለት መስመር ይጻፉ። «በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አባቶቻችን፣ ወራሹ ቃሉን ከነነገሩ እንዲረከብ መፈለጋቸው አያጠራጥርም።