ላምበር ወንዝ

ላምበር በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ግዛት ደቡባዊ ክፍል የሚፈስ ጥቁር ውሃ ወንዝ ነው። ሳንድሂልስ ከተባሉት አሸዋማ ኮረብታዎች ይነሣና 214 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ከትንሹ ፒ ዲ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። የላይኛው ክፍሉ ዛሬም ድራውኒንግ ክሪክ፣ የመስመጫ ጅረት እንደ ማለት፣ ይባላል። ቀድሞ ወንዙ በሞላ የሚጠራው በዚሁ ስም ነበር፤ ላምበር ያለው በ1809 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) የወጣ የግዛቲቱ ሕግ ነው።

ጥቁር መባሉ ያሳስታል። ውሃው አልደፈረሰም፤ በብርጭቆ ቢቀዱት ቀጭን ሻይ ይመስላል፣ እጁን የነከረበት ሰው ጣቶቹን ቀላ ብለው ያያቸዋል። የሚጠቁረው ጥልቁ ላይ ነው። ነገሩም ከሻይ አይለይም፦ የረገፈው ቅጠል ረግረጉ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲበሰብስ ታኒን የተባለውን ቀለም ይለቃል። አሸዋማው መሬት ደለል ብዙ ስለማይሰጥ ቀለሙ ሳይደፈርስ ይወርዳል፤ ውሃውም አሲድነት ያለውና ለምነት የጎደለው ነው። ዳርቻውን የያዙት ቱፔሎና ባልድ ሳይፕረስ የተባሉ ዛፎች ናቸው። ሳይፕረስ ከሥሩ ጉልበት የመሰሉ ጉጦች ከውሃው በላይ ያወጣል፤ ለምን እንደሚያወጣቸው ሊቃውንቱ እስካሁን አልተስማሙም።

ወንዙ የሮብሰን አውራጃን ያቋርጣል፤ አገሩ የላምቢ ሕዝብ ነው። ላምቢዎች የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ሲሆኑ፣ የዛሬ ስማቸውን ከወንዙ ወስደው በ1953 በግዛቲቱ ሕግ አጽድቀውታል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማብቂያ የሸፈተው ሄንሪ ቤሪ ላውሪ መሸሸጊያው የወንዙ ረግረግ ነበር። በራሱ ላይ ብዙ ሺህ ዶላር ቢቆረጥም ማንም ሳይዘው በ1872 ተሰወረ። በዚያው ክፍለ ዘመን ግንድ እየታሰረ በወንዙ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ወዳለው የጆርጅታውን ወደብ ይንሳፈፍ ነበር።

ሰሜን ካሮላይና በ1989 ከወንዙ 185 ኪሎ ሜትሩን በጥበቃ ሥር አድርጋ፣ የላምበር ወንዝ ፓርክን መሠረተች። በ1998 ደግሞ 130 ኪሎ ሜትሩ በ1968ቱ የዱርና ውብ ወንዞች ሕግ መሠረት ወደ ብሔራዊው መዝገብ ገባ። አስተዳደሩ ግን በግዛቲቱ እጅ ቆየ። ሕጉ ፌዴራል መንግሥት ወንዙን የሚጎዳ ግድብ እንዳይሠራ ወይም እንዳይፈቅድ ይከለክላል።

ጥበቃው ጠቃሚ ቢሆንም ጠባብ ነው። የሚጠብቀው ወንዙንና ዳርቻውን እንጂ ውሃው የሚመጣበትን አገር አይደለም። በተፋሰሱ ውስጥ ብዙ ረግረግ በቦይ ተጠንፍፎ እርሻ ሆኗል፤ የአሳማና የዶሮ እርባታም ሰፍቷል። ረግረግ ደግሞ ዝናብን እንደ ስፖንጅ የሚይዝ ነው። በ2016 ማቲው የተባለው አውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜ፣ ውሃው በጎርፍ መከላከያው ግድብ ላይ ለባቡር ሐዲድ በተተወው ክፍተት ገብቶ የላምበርተን ከተማን አጥለቀለቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍሎረንስ በተባለው አውሎ ነፋስ ጊዜም ከተማዋ እንደገና ተጥለቀለቀች።

ሌላው ችግር በነፋስ ይመጣል። ከድንጋይ ከሰል ጭስ የሚወጣ ሜርኩሪ ከአየር ላይ ይረግፋል፤ አሲዳማው ረግረግ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችም ዓሣ ሥጋ ውስጥ ወደሚከማች መርዝ ይለውጡታል። ስለዚህ የግዛቲቱ ጤና ባለሥልጣናት ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ልጆች በዚህ አካባቢ ከሚጠመደው አምባዛ እንዳይበሉ ያሳስባሉ።