አቴቴ፦ ከሸገር ወንዞች ያልተለየችው እመቤት

ከአዲስ አበባ በየትኛውም በር ቢወጡ ብዙም ሳይርቁ ወንዝ ያገኛሉ። በደብረ ብርሃን መንገድ ለገጣፎና ለገዳዲ ይቀበሉዎታል፤ ሁለቱም ስማቸውን የወሰዱት ከወንዝ ነው። በአምቦ መንገድ ቡራዩ ከገፈርሳ ግድብ ጋር ተጎራብታ ተቀምጣለች። እንጦጦን ሲሻገሩ የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውሃ ተኝቶበት ይታያል፤ በጅማ መንገድ ደግሞ ሰበታ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ትገኛለች። የመዲናዋ ነዋሪ ዛሬ ከቧንቧ የሚቀዳው ውሃ ከፊሉ ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች የሚመጣ ነው። ግድቡም ቧንቧውም ከመምጣቱ በፊት በዚህ አገር ወደ ወንዝ የሚወረደው ለመቅዳት ብቻ አልነበረም፤ ለመጸለይም ነበር።

ቡራዩ ውስጥ መልካ አቴቴ የሚባል ቦታ አለ። መልካ የወንዝ መሻገሪያ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ካለፈ በኋላ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዞ ይወርዳል፤ ሣሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ራሱን ይረጫል፤ ከክረምቱ ጨለማ ወደ ብራ ያሸጋገረውን ፈጣሪ፣ ዋቃን፣ ያመሰግናል። በዓሉ ኢሬቻ ነው። ስለ ኢሬቻ ብዙ ተጽፏል። ቦታው በስሟ ስለሚጠራው ስለ አቴቴ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው፤ በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ከጥቂትም ያንሳል። ይህ የሚያስቆጭ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ምድር የሴቶችን ታሪክ እሷን ሳያነሱ መተረክ የሚቻል አይመስለኝም።

አቴቴ ማን ናት? የውጭ አገር ጸሐፊዎች የመራባት አምላክ ብለው መዝግበዋታል። ይህን የሰማ አንባቢ የግሪኳ ዲሜትር ወይም የግብጿ ኢሲስ ትዝ ሊሉት ይችላሉ። ስያሜው ግን ልኳ አይደለም። በኦሮሞ እምነት ዋቃ አንድ ነው፤ ሰማይና ምድርን የፈጠረ፣ ተቀናቃኝ የሌለው። ከእሱ በታች አያና የሚባሉ መንፈሶች አሉ፤ ለሰው፣ ለጎሣ፣ ለቀን፣ ለቦታ የተሰጡ። የግሪክ አማልክት ይጋባሉ፣ ይቀናናሉ፣ በዙፋን ይጣላሉ። አቴቴ እንዲህ ያለ ተረት የላትም፤ ቤተ መቅደስም ምስልም አልተሠራላትም። የወሊድ፣ የከብት ርቢ፣ የልምላሜ መንፈስ መሆኗ የሚታወቀው ሴቶች በስሟ በሚያደርጉት ነገር ነው። ስሟም የመንፈሷና የሥርዓቷ በአንድነት ነው፤ የምትለመነውም አቴቴ፣ ልመናውም አቴቴ ይባላል።

ሥርዓቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ዋናዎቹ ነገሮች ግን አይጠፉም፦ ለምለም ሣር፣ ቅቤ፣ ገንፎ፣ ቡና። ቤቱ ይጠረጋል፣ ሣር ይጎዘጎዛል። ባለትዳር ሴቶች ጸጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው፣ ጨሌያቸውን በአንገታቸው አድርገው ይሰበሰባሉ። ገንፎው መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤ ይሞላል። ቡናው በብዙ ቦታ ቡና ቀላ ነው፤ ፍሬው ከነገለባው በቅቤ ይጠበሳል፣ ሲፈነዳ ይመረቃል። መሪዋ በዕድሜ የገፋች፣ ዜማውንና ምርቃቱን የምታውቅ እናት ናት፤ እሷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ወንዱ በዚያ ሰዓት በገዛ ቤቱ እንግዳ ነው።

ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ ሴቶቹ ከቤት ይወጣሉ። እርጥብ ሣር ይዘው፣ እየዘመሩ፣ ወደ ውሃ ዳር ይወርዳሉ። ልጅ የዘገየባት ሴት ካለች ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ይዘምሩላታል፣ ቅቤ ይቀቧታል፣ ይመርቋታል። ዛሬ ሐኪም ቤት በር ላይ ብቻዋን የምትቀመጥ ሴት በዚያ ዘመን የመንደር ሴት ሁሉ ከብቧት ነበር የምትጸልየው። ይህ ልጅ ያስገኛል አላስገኘም ሌላ ጉዳይ ነው። ኀዘኗን የምታወጣበት ደጅ እንደነበራት ግን መካድ አይቻልም።

ከሁሉም በላይ የሚደንቀኝ ሲንቄ ነው። ሲንቄ ኮረዳዋ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጥ ያለ ቀጭን በትር ነው። ከጎጆዋ አይለይም። ባል ሚስቱን፣ በተለይም አራስ ሳለች፣ ቢመታ እሪ ብላ ትጮኻለች። ጩኸቱን የሰማች ሴት ሁሉ ሊጡንም ልጁንም ትታ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች። ተያይዘው በሰውየው ደጅ ላይ እየዘመሩ ይቀመጣሉ፤ ወይም መንደሩን ለቀው ይሄዳሉ። ላም የሚያልብ፣ እንጀራ የሚጋግር አይኖርም። ሽማግሌዎች ተሯሩጠው ሰውየውን ጥፋተኛ ብለው ካሣ ሳያስከፍሉ ሴቶቹ አይመለሱም። ሁለት ጎሣ ጦር ሲማዘዝም ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው መሐል ይቆማሉ፤ ያንን መስመር ጥሶ የሚያልፍ ወንድ እርግማን እንደሚደርስበት ያምናል። በተለይ በአርሲና በጉጂ ይህ ሥርዓት እስከ ቅርብ ዘመን ሲሠራ ታይቷል። በእነዚህ ሰልፎች ላይ የሚዜመው የአቴቴ ዜማ ነው። ስለዚህ አቴቴ የወሊድ መንፈስ ብቻ ናት ማለት ግማሹን መናገር ነው። የተበደለች ሴት ችሎቷም ናት።

በሸዋ አቴቴ በአማርኛ ተናጋሪውም ቤት ገብታለች። ከአድባሩ፣ ከቆሌው፣ ከውቃቢው ጎን ተቀምጣ፣ ጨሌዋ በጓዳ ተቋጥሮ፣ በዓመት አንድ ቀን ቡና የሚፈላላት እመቤት ሆናለች። ባለቤቲቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፤ የአቴቴ ቀን ሲደርስ ደግሞ ገንፎዋን ታገነፋለች። ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ ሲጣሉ አታይም።

ስለ ስውር መናፍስት ከተነሣ የዛር አመጣጥ የሚተረክበትን ማለፍ አይሆንልኝም። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት ይባላል። አንድ ቀን እግዚአብሔር ልጆቿን ሊጎበኝ ሲመጣ ዓይን እንዳይገባባቸው ብላ አሥራ አምስቱን ቆንጆዎች ደበቀች። እግዚአብሔርም የተደበቁት እንደተደበቁ ይቅሩ አለ። እነሱ ዛር ሆኑ፤ የሚታዩት ወንድምና እኅቶቻቸው ደግሞ ሰው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የዛር ሥርዓትን ከባለዛሮቹ መሪ ከወይዘሮ መልካም አያሁ ቤት ሲመዘግብ ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ እገዛ አግኝቷል። በዚያም ቤት ዋናዎቹ ሴቶች ነበሩ። የሌሪስ ማስታወሻ ባይኖር ስለዚያ ቤት የምናውቀው እጅግ ባነሰ ነበር።

ያልተመዘገበ እምነት ምን ይሆናል? መልሱ ከለገጣፎ በሚነሣው መንገድ ጫፍ ላይ አለ። መንገዱ ደብረ ብርሃን ያደርሳል፤ ከተማዋን የመሠረተው ደግሞ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሠው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ንጉሡ ደስክና ዲኖ የሚባሉ መናፍስትን በሚያመልኩ ላይ ብርቱ ዘመቻ አድርጎ ነበር። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በቀኝ ክንዱ ሰይጣንን መካዱን፣ በግራ ክንዱ ርጉሙን ደስክን መካዱንና የማርያም ባሪያ መሆኑን የሚመሰክር ጽሑፍ እንዲይዝ ታዘዘ። ቅጣቱ ለንጉሡ ልጆችም አልራራም፤ በዚሁ ክስ ተገርፈው የሞቱ ነበሩ። ዛሬ ደስክንና ዲኖን የምናውቃቸው በእርግማኑ በኩል ነው። ማን እንዴት እንደሚለምናቸው፣ ምን እንደሚዜምላቸው አማኞቻቸውን ጠይቆ የጻፈ አልነበረም። ታሪኩ የተጻፈው በአሸናፊው ብዕር ብቻ ነው።

የአክሱም ጥንታዊ አማልክትም ዕጣቸው ከዚህ አይርቅም። ዒዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጻቸው የድንጋይ ጽሑፎች የማሕረም ልጅ ነኝ ይላል፤ አስታርን፣ ብሔርንና ምድርን ይጠራል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በገንዘቡ ላይ የነበረው ጨረቃ ወርዶ መስቀል ወጣ። የይሓው የአልመቃህ ቤተ መቅደስ ግንቡ ከ2,500 ዓመት በላይ ቆሞ ይታያል፤ በውስጡ የተዜመው ግን የለም።

ዘርዓ ያዕቆብ የማርያምን በዓላት በማብዛት የታወቀ ንጉሥ ነው። በዚህ ምድር ማርያም በሴቶች ሕይወት ውስጥ የያዘችው ስፍራ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ለመረዳት አንድ አራስ ቤት መግባት ይበቃል። ምጥ ሲይዝ የሚጠራው የእሷ ስም ነው። ለነፍሰ ጡሯ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ»፣ ለአራሷ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ገንፎ ይበላል፣ እልል ይባላል። በምዕራብ ኦሮሞ ሴቶች ዘንድ ደግሞ በወሊድ ጊዜ የምትለመነው ማራም ትባላለች፤ ላምበርት ባርቴልስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው የኦሮሞ ሃይማኖት ጥናት ስለ እሷ በሰፊው ጽፏል። ማራምና አቴቴ በአንድ ዜማ ሲጠሩ ይሰማል። እዚህ ላይ ማን ከማን ወሰደ ብሎ መከራከር ብዙ አያራምድም። ምጥ የያዛት ሴት ሃይማኖት አትቆጥርም፤ የምታውቃትን እናት ትጠራለች።

ግንቦት ልደታም እዚሁ ላይ ይነሣል። ግንቦት 1 ቀን ሸዋ ውስጥ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ዳቦው ተጋግሮ፣ ቡናው ተፈልቶ የሚበላውና የሚጠጣው ከቤት ውጭ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከትልቅ ዛፍ ሥር። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እመቤታችን በሊባኖስ ከቤት ውጭ ተወለደች ስለሚል ነው ይላሉ አባቶች። ዛፉ ግን የመንደሩ አድባርም ነው። በዓለም ታሪክ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ431 እ.ኤ.አ. የማርያምን ወላዲተ አምላክነት ያጸናው ጉባኤ የተሰበሰበው ኤፌሶን ነበር፤ ከዚያ በፊት ለዘመናት የአርጤምስ ከተማ በነበረችው ኤፌሶን። የሃይማኖት ሊቃውንት የሚለዩትን ሕዝብ በአንድ ቦታና በአንድ ቀን አብሮ ያቆየዋል።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ለአቴቴ ደግ አልነበረም። መጀመሪያ ባዕድ አምልኮ ተባለች፤ በደርግ ዘመን ኋላ ቀርነትና ጎጂ ባህል ተባለች። ከአያት ወደ ልጅ የተላለፈ ጨሌ ከጓዳ እየወጣ በየሜዳው ተቃጠለ። ብዙዎቹ ያቃጠሉት በእምነታቸው ምክንያት ነውና ልፈርድባቸው አልደፍርም። ከጨሌው ጋር ዜማውም መጥፋቱ ግን የሁላችንም ኪሳራ ነው።

አሁን ነፋሱ ተለውጧል። የገዳ ሥርዓት ኅዳር 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የዩኔስኮ ጉባኤ በሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፈረ። ኢሬቻ መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ከረጅም ዘመን በኋላ በመዲናዋ በአደባባይ ተከበረ። አሳሳቢው ነገር የወንዙ ነው። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው የሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ትናንት የእርሻ ማሳ የነበረው ዛሬ ፎቅ በቅሎበታል። ወንዙ ለፍሳሽ ማስወገጃነት እየዋለ ነው፣ ዋርካውና ሾላው ለመንገድ ይቆረጣል። በዓል የሚከበርበት ውሃ ከቆሸሸ በዓሉ በየትኛው ውሃ ይከበራል?

ለሸገር ከተማ አስተዳደር አንድ ልመና አለኝ። የከተማው ፕላን ሲሠራ መልካዎቹና የአድባር ዛፎቹ በካርታው ላይ በስማቸው ይስፈሩ፤ ከግንባታም ከፍሳሽም ይጠበቁ። ለአንባቢ ደግሞ ሌላ። ለገጣፎም ይሁን ሰበታ፣ አቴቴን ያዜመች አያት ወይም አክስት ካለችዎት ስልክዎን ይዘው አጠገቧ ይቀመጡ። እምነቷን እንዲቀበሉ ማንም አይጠይቅዎትም። ዜማውን፣ ምርቃቱን፣ የሄደችበትን ወንዝ ስም ይቅዱላት፤ ቀኑንና ቦታውን ይጻፉበት፤ አንድ ቅጂም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይስጡ። ይህን ሥራ ለዓመት ማሳደር አይገባም።