ምርኩዝ በአገራችን፦ ታሪኩና አሠራሩ



«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣን» ብለን የተሰባሰብን ሰዎች ስለ መቅበሩ በየስብሰባው እንነጋገራለን፤ ስለ መጦሩ ግን የምንናገረው ትንሽ ነው። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ አረጋውያንን ከሚጦሩት ነገሮች አንዱን፣ ማለትም ምርኩዝን፣ አንስተን ልንጽፍ ወደናል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን በእጁ ምርኩዝ የሚሠራው ሰው ከመካከላችን ባለፈ ቁጥር ሙያውም አብሮት እየተቀበረ መሆኑን ልብ ማለት ይገባናል።

መቼም በአገራችን በትር የተፈጠረው ለመደገፊያ ብቻ አይደለም። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ቦኩ የሥልጣን ምልክት ነው፤ ሥልጣን ሲተላለፍ ቦኩውም ይተላለፋል። ሴቷ ደግሞ ስታገባ የምትቀበለው ሲንቄ አላት፤ ሲንቄዋን ይዛ በጠበኞች መካከል ከቆመች ዱላ ያነሣው ሁሉ ዱላውን ያወርዳል። ይኸው የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በቤተ ክርስቲያን ካህናቱና ደብተሮቹ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ሲያድሩ የሚደገፉት፣ ሲዘምሩም የሚያወዛውዙት መቋሚያ ነው። በብዙ መስጊዶችም በጁምዓ ኹጥባ የሚያሰማው ሰው በትር ይይዛል። እንግዲህ አንድ ቁራጭ እንጨት ዳኛም፣ አስታራቂም፣ የጸሎት ረዳትም ሆኖ ኖሯል ማለት ነው።

በኢሉባቦር ደግሞ በትር የመንገድ ጓደኛ ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ሲከፈት፣ ቡናችን በጎሬና በቡሬ አድርጎ ወደ ባሮ ወንዝ ይወርድ ጀመር፤ ከዚያም ወንዙ በሚሞላበት በክረምት በመርከብ ወደ ሱዳን ይጫን ነበር። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ፣ ጋምቤላ ግን 500 ሜትር ገደማ ናቸው። በመካከሉ ያለውን ቁልቁለት ጭነት እየነዱ በእግር መውረድ፣ ጨውና ሸቀጥ ይዞም መውጣት ነበረ። ቁልቁለት ደግሞ ለጉልበት ከዳገት ይብሳል፤ የሄደበት ያውቀዋል። በዚያ ላይ ዝናባችን በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጭቃው ለወጣትም አይመች፣ እንኳን ለሽማግሌ።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። እንጨቱ የሚቆረጠው በበጋ፣ በተለይ በጥርና በየካቲት፣ ውሃው በቀነሰበት ጊዜ ነው። ቀጥ ያለ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ከሚፈለገው ርዝመት አንድ ስንዝር የሚተርፍ ይመረጣል። ራሱ ላይ ጉጥ ካለው እሱው እጀታ ይሆናል። ከዘራ የፈለገ ግን ገና እርጥብ ሳለ ጫፉን በትኩስ አመድ ውስጥ ቀብሮ ካለሰለሰ በኋላ በወፍራም ግንድ ዙሪያ ያጎብጠዋል፤ በገመድ ጠፍሮም እስኪደርቅ ይተወዋል።

ልጡን ቶሎ መላጥ አይገባም፤ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃልና። ጫፎቹን ሰም ቀብቶ፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ከ2 እስከ 3 ወር ማቆየት ነው። ጠማማ ቢኖርበት በፍም ላይ እያገላበጡ አሙቆ፣ በጉልበት ተጭኖ ማቃናትና እስኪቀዘቅዝ እንደ ያዙ መቆየት። ከዚያ ልጡ ይነሣል፣ በካራ ይጠረባል፣ በስባሪ ጠርሙስ ይፋቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። በመጨረሻ የኑግ ዘይት ወይም ቅቤ ይጠጣል። ለጭቃ መንገድ ጫፉ ላይ ብረት፣ ለሲሚንቶ ወለል ደግሞ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ይመታለታል።

ትልቁ ነገር ልኩ ነው። ባለቤቱ ጫማውን አድርጎ፣ እጁን ወደ ታች ለቆ ሲቆም እጀታው የእጁ አንጓ ላይ መድረስ አለበት። ከረዘመ ትከሻ ያነሣል፤ ካጠረ ወገብ ያጎብጣል፤ ሁለቱም ይጥላሉ። ተሠርቶ የሚሸጠው ከዘራ የገዢውን ቁመት አያውቅም፤ ልጅ ለአባቱ ሲሠራ ግን ለክቶ ነው። ደግሞም አንድ እግሩን የሚያመው ሰው ምርኩዙን መያዝ ያለበት በደህናው እግር በኩል ነው፤ ብዙዎቻችን የምንይዘው በተቃራኒው ነው።

እንጨቱስ ከየት ይምጣ? ድሮ ወይራ ይፈለግ ነበር። ዛሬ ግን ለአንድ ምርኩዝ ብለን ከጫካ ለጋ ዛፍ ብንቆርጥ፣ ያዮን የመሰለ፣ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው የቡና ደን ባለበት አገር ነውር ነው። ደግሞም መፍትሔው በጓሯችን አለ። ያረጀ ቡና በበጋ ሲጎነደል ግንዱ ከመሬት 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀርቶ ሌላው ይነሣል፤ ጉቶው አቆጥቁጦ እንደገና ያፈራል። የሚነሣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለማገዶ ነው። የቡና እንጨት ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በዛፍ ጥላ ሥር ያደገው ደግሞ ብርሃን ፍለጋ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ስለሚወጣ ለምርኩዝ የተመቸ ነው።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። በመጪው በጋ ቡናውን የሚጎነድል አባል ሁሉ ሁለት ሦስት ቀጥ ያሉ ግንዶች ከማገዶው ይለይ። ሙያውን የሚያውቁ አባቶች በእድራችን ግቢ አንድ ሁለት እሑድ ተቀምጠው ወጣቶቻችንን ያሳዩ። ወጣቶቹም በመጀመሪያ በየሠፈራቸው ካሉት አረጋውያንና አሮጊቶች ቤት ሄደው ቁመታቸውን ይለኩ። ድንኳንና ወንበር ለሐዘን ቀን አዘጋጅተናል፤ ምርኩዙ ደግሞ ሰው በሕይወት ሳለ ይድረስለት።