9,363,584፦ የአንድ ቁጥር ታሪክና የባለቤትነት ሐቅ

9,363,584 ሲያዩት ተራ ቁጥር ይመስላል። ግን ጓደኛ አለው፦ 9,437,056። የሁለቱ ታሪክ ከባግዳድ ይነሳል፤ በአውሮፓ መጻሕፍት ግን ለረጅም ጊዜ የሚጠራው በፈረንሳዊው ዴካርት ስም ብቻ ነበር።

ጓደኝነቱን ለመረዳት ከትንሹ እንጀምር። 220ን ያለ ቀሪ የሚያካፍሉና ከእሱ የሚያንሱ ቁጥሮች 1፣ 2፣ 4፣ 5፣ 10፣ 11፣ 20፣ 22፣ 44፣ 55 እና 110 ናቸው። ደምሯቸው፤ 284 ይመጣል። የ284 አካፋዮች ደግሞ 1፣ 2፣ 4፣ 71 እና 142 ናቸው። ድምራቸው 220! እንዲህ ያሉት በዐረብኛ «አል-አዕዳድ አል-ሙተሓብባ»፣ ማለትም ተፋቃሪ ቁጥሮች ይባላሉ። ግሪኮች ይህን ጥንድ ያውቁት ነበር፤ ሌላ ጥንድ የሚገኝበት ደንብ ግን ከእነሱ አልደረሰንም።

ደንቡን ያወጣውና በማስረጃ ያጸናው በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የሠራው ሳቢት ኢብኑ ቁርራ ነው (የሞተው እ.ኤ.አ. በ901)። 2ን በራሱ ደጋግመን ስናባዛ 128 ላይ እንደርሳለን፤ ግማሹ 64 ነው። አሁን ሦስት ቁጥሮች እንሥራ፦

3 × 64 − 1 = 191
3 × 128 − 1 = 383
9 × 64 × 128 − 1 = 73,727

ሦስቱም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ ከሌላቸው ጥንዱ ተገኘ ማለት ነው፦ 128 × 191 × 383 = 9,363,584 እና 128 × 73,727 = 9,437,056። ጭንቁ ማጣራቱ ላይ ነው። 73,727 አካፋይ እንደሌለው በእጅ ለማረጋገጥ ከ2 እስከ 271 ባሉት 58 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ያስፈልጋል።

በዚሁ ደንብ በ128 ፈንታ 16ን ብንወስድ 17,296 እና 18,416 ይወጣሉ። እነዚህን በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን መካከል የኖሩት የፋርሱ ከማሉዲን አል-ፋሪሲና የመራከሹ ኢብኑል በንና ያውቋቸው ነበር። ፈረንሳዊው ፌርማ የጻፋቸው በ1636 ነው። ትልቁን ጥንድ ዴካርት በ1638 ገለጸ፤ በሶፈዊዶች ዘመን የኖረው የፋርሱ ሊቅ ሙሐመድ ባቂር አል-የዝዲም ይህንኑ ጥንድ አግኝቶት ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ሐቅን ስንጠይቅ እኛም ሐቀኞች እንሁን። ዴካርት ሰረቀ ለማለት ማስረጃ የለንም፤ አንድ ደንብ በሁለት አገር ሊገኝ ይችላል። ሳቢትም ሙስሊም አልነበረም፤ የሐራን ሳቢያን ነው። ሙስሊም ኸሊፋዎችና ባለጸጎች በሩን ከፈቱለት፣ ሙስሊም ሊቃውንት ሥራውን ተቀብለው አስፋፉት። ኩራታችን ይህ ነው፤ የሌላውን ድርሻ ወስደን የምንጨምርበት አያስፈልገውም። የዝዲ ስሙ ይመለስለት፤ የሳቢትም ማንነቱ እንዳለ ይነገር።